ዳልጮ የጠራው አገር

በዚያን ዘመን ሶዶ ውስጥ ዳልጮን የሚፈልገው ሰው ሁለት ዓይነት ነበር፤ ጣውላ የሚፈልግና ጸሎት የሚፈልግ። ከሃምሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ወዲህ ጸሎቱን የሚፈልገው ቀረ። ጣውላ ፈላጊው ግን አልቀረም፤ ከተማው ቆርቆሮ እየለበሰ ነበርና በርና መስኮት የማያሻው አልነበረም።

ሥራው መጋዝ መሳብ ነው። ወደ ዳሞታ ተራራ በሚያወጣው መንገድ ዳር የቆመ ሰው የሚውጥ ጉድጓድ ተቆፍሯል። በጉድጓዱ አፍ ላይ ግንድ ይጋደማል። አንዱ ግንዱ ላይ ይቆማል፤ ሌላው ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል፤ ባለሁለት እጀታው ረጅም መጋዝ በሁለቱ መካከል ሽቅብ ቁልቁል ይመላለሳል። የላይኛው መስመሩን ይጠብቃል፤ የታችኛው ሰጋቱራ ለብሶ ይውላል። የላይኛው ዳልጮ ነበር። የታችኛው ሶርሳ።

ሁለቱ የቦምቤ መንደር ልጆች ናቸው። አብረው አመኑ፣ አብረው ተጠመቁ፣ አብረው ተላኩ። የተላኩበትን ነገር ለመናገር ግን አስቀድሞ የጸሎት ቤታቸውን ልማድ መናገር ያስፈልጋል፤ የዳልጮ መከራ የመጣው ከዚያ ልማድ ነውና።

የጌታ እራት በተበላበት እሑድ፣ መዝሙሩ ካለቀ በኋላ፣ አንድ ሽማግሌ ይነሳና «ቃሉ ያልደረሰበት አገር የሚያውቅ ማነው?» ብሎ ይጠይቃል። የሚያውቅ ይነሳል። ጨው ጭኖ የሄደ ነጋዴ፣ በውትድርና የዞረ፣ ምራቱን ከሩቅ ያመጣ፣ ያየውን ሸለቆ ወይም የሰማውን ተራራ በስሙ ይጠራል። ጉባኤው ለዚያ አገር ይጸልያል። ይህን «የአገር ጥሪ» ይሉታል። ሕጉ አንድ ነው፤ አገር የጠራ ስንቁን ይጀምራል። በባዶ እጅ አገር አይጠራም። ጠሪው ያመጣትን እፍኝ ቆሎ መሀል ላይ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ሌላው እንቁላሉን፣ በቆሎውን፣ ዶሮውን ይዞ ይከተላል። ስንቁ ሲሞላ ሁለት ሰዎች ይመረጣሉ፤ እጅ ይጫንባቸዋል፤ ይሄዳሉ። ከሄዱት ያልተመለሱ አሉ።

ዳልጮና ሶርሳም በአርባዎቹ መጀመሪያ በዚህ ዓይነት ወደ ጎፋ ደጋ ተላኩ። ዳልጮ ሚስቱን ፈጠነችንና ገና ዳዴ የምትለውን ልጁን አስካለችን ይዞ ነበር። ሶርሳ ያኔ አላገባም።

ካረፉበት ቤት ደጃፍ ሲመሽ ቁልቁል ቢያዩ፣ ከታች ከቆላው ውስጥ እሳት ይታያል። ጥቂት ነው፤ የተራራቀ ነው። ዳልጮ የቤቱን ባለቤት ምን እንደሆነ ጠየቀው። ሰው አይደለም አለው ባለቤቱ። ሣር ነው፤ በራሱ ነው የሚነደው። እዚያ አውሬና ወባ እንጂ ሌላ የለም፤ አባቶቻችንም ይህንኑ ነው የነገሩን አለው። ሶርሳ ባላገሩ ከእኛ ይልቅ ያውቃል ብሎ ነገሩን ተወው። ዳልጮ አልተወውም። ወደ ደጅ እየወጣ ያይ ነበር። በራሱ የሚነድ ሣር ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ነው፤ ይህ ግን በየምሽቱ አንድ ቦታ ይበራል። «የሚያነድደው አለ» አለ። ሶርሳን አብረን እንውረድ ቢለው ሶርሳ የደጋው ሥራ አላለቀም አለ። ውሸቱን አልነበረም፤ አላለቀም ነበር። ዳልጮ ሚስትና ልጁን ይዞ ብቻውን ወረደ።

ሰዎች ነበሩ። ከብትና ማሽላ ያላቸው፣ ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው የሚሸፍኑ ሰዎች። አንድ በሁለቱም ቋንቋ ትንሽ ትንሽ የሚናገር ሰው ተገኘና ዳልጮ ከሽማግሌያቸው ጋር ተጨዋወተ። ሽማግሌው ያለውን ዳልጮ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ቃል በቃል ይደግመው ነበር።

«እኛም የእናንተን እሳት ደጋው ላይ እናየው ነበር። አባቴ፣ ‹እነዚያ ሰዎች ናቸው፤ አንድ ቀን አንዳቸው ይወርዳሉ› ይል ነበር። አንተ የመጣኸው እሱ ከሞተ በኋላ ነው።»

እዚያ ቆላ ውስጥ፣ በሁለተኛው ክረምት፣ አስካለች በወባ ሞተች። ፈጠነች መሬት ላይ ተቀምጣ ቀረች። የመንደሩ ሴቶች ቋንቋዋን አያውቁም፣ የምትጸልይለትንም አያውቁም፤ ግን መጡ። ዙሪያዋን ተቀመጡ። አንዷ የፈጠነችን ራስ ጭኗ ላይ አስደግፋ፣ ፀሐይ ከወዲህ ወዲያ እስክትሻገር ድረስ ሳትንቀሳቀስ ዋለች። ፈጠነች ኋላ ሶዶ ውስጥ፣ ሰው አይኖርበትም ብለውን ነበር እኮ፣ እያለች ስታወራው ያስለቅሳታል፤ ልጇን አስባ ይሁን ያችን ሴት አስባ ይሁን አይታወቅም።

በሚቀጥለው እሑድ ባልና ሚስቱ ሁለቱ ብቻቸውን የጌታን እራት በሉ። የማሽላ ቂጣ ቆረሱ፤ የማር ብርዝ በአንድ ቅል ተቀባበሉ። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አልቆዩም። ዳልጮንም ወባ ጣለው፣ እግሩ አበጠ፣ በሰው ሸክም ወደ ደጋ ወጣ፣ ከዚያም ወደ ሶዶ ተመለሰ። ሌላ ልጅ አልወለዱም። እስከ መጨረሻው እሷ «የአስካለች አባት»፣ እሱም «የአስካለች እናት» እንደተባባሉ ኖሩ። ሶርሳ ከጎፋ በሰላም ተመልሶ አገባ፣ ወለደ፣ በጸሎት ቤቱም ሽማግሌ ተባለ። መጋዙን ግን አብረው ያዙ።

በሃምሳ ሦስት ዓ.ም. በጥቅምት፣ ሰማዩ ከዝናብ እንደጠራ፣ የሶዶ ሰው አንድ የሚሄድ ኮከብ አየ። ከምሽቱ ጸሎት ወጥተው ግቢ ውስጥ የቆሙ ምእመናን አንጋጠጡ። እንደ ተወርዋሪ ኮከብ ቦግ ብሎ አይጠፋም፤ ረጋ ብሎ፣ መንገዱን እንደሚያውቅ ሰው ያዘግማል። በመካከላቸው ባዳቾ የሚባል ወጣት መምህር ነበር፤ አዲስ አበባ ተምሮ የመጣ፣ ልብሱ ሁልጊዜ የተተኮሰ። ይህ የሰው ሥራ ነው፣ አሜሪካኖች በሮኬት የሰቀሉት ኳስ ነው ብሎ ነገራቸው። ሰዎቹ አላመኑትም፤ ግን ደስ አላቸው። ዳልጮ ብቻ ስለ ኳሱ አልጠየቀም። ስለ ቀሩት ጠየቀ። እነዚህ የማይሄዱትስ?

ባዳቾ ጠያቂ የማያገኝ መምህር ነበርና ሳይቆጥብ አስረዳው። እያንዳንዱ ኮከብ እንደኛዋ ፀሐይ ያለ ፀሐይ ነው፤ ከመራቁ የተነሳ ትንሽ መሰለ እንጂ። ሊቃውንቱ ከነዚያ ፀሐዮች አንዳንዶቹ እንደኛ ዓይነት ምድር በዙሪያቸው ሊኖራቸው ይችላል ይላሉ፤ እዚያ ላይም የሚያስብ ፍጡር ሊኖር ይችላል፣ ላይኖርም ይችላል ብለው ይከራከራሉ።

«ታዲያ የሚያነድደው አለ ማለት ነው?» አለ ዳልጮ።

ባዳቾ ሳቀ። «የለም፣ ጋሼ። በራሱ ነው የሚነደው።»

ይህን አባባል ዳልጮ ከዚህ በፊት ሰምቶታል። ጎፋ ላይ ነበር የሰማው፤ ያኔም የነገረው ሰው በእርጋታ፣ በእርግጠኝነት ነበር የነገረው።

ይህን የምተርክላችሁ እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ ብዙ ዘመን ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ ዳልጮ እዚህ ላይ መሳሳቱን አልደብቅም። ኮከብ የሚነደው ማንም ሳያቀጣጥለው ነው። ግን የዳልጮን ስህተት ለመሳሳት ራሱ አንድ ቆላ መውረድ ያስፈልጋል። የኛ ሰው አገርን የሚያውቀው በየተራ ነው፤ ከቦምቤ ቀጥሎ ሶዶ፣ ከሶዶ ቀጥሎ ጎፋ፣ ከጎፋ ቀጥሎ ያ ስም የለሽ ቆላ። ለዳልጮ ሰማይ ከነዚህ ቀጥሎ ያለ፣ ዳገቱ የበረታ አገር ነበር። ማዶ ሆኖ የሚበራ ነገር ካለ፣ ከሥሩ የተቀመጠና ወዲህ የሚያይ ሰው አለ። የሚያይ ካለ ደግሞ የሚጠብቅ አለ።

በታኅሣሥ የጌታ እራት እሑድ ዳልጮ ከረጢት ይዞ መጣ። ጥሪውን ያወጣው በተራው ሶርሳ ነበር። አንድ ነጋዴ በኦሞ ወንዝ ዳር ያለ አንድ መንደር ጠራ፤ በቆሎና እንቁላል ተሰበሰበ። ያልተጠራ አገር ቀርቷል ወይ ሲባል ዳልጮ ተነሳ፤ እያነከሰ መሀል ገባና ከረጢቱን አስቀመጠ። የተፈጨ የበቆሎ ቆሎ ነበረበት፤ በላዩ አዲስ በረባሶ ጫማ ታስሯል፤ መንገደኛ እንዳይቸገር።

ሶርሳ የአገሩን ስም ጠየቀው። ዳልጮ ስሙን አላውቅም አለ። በየት በኩል ነው ቢባል በጣቱ ወደ ጣሪያው አመለከተ፤ ቀጥሎ፣ ጣሪያው ሣር መሆኑን ያስታወሰ ይመስል፣ ከጣሪያው በላይ አለ። ከዋክብት ላይ ያሉ ሰዎች።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በየትኛው በቅሎ ነው የሚሄዱት አለ አንዱ። መሰላሉን ሶርሳ ይያዝልህ፣ ከታች መሆን ለምዷል አለ ሌላው። ከሴቶቹ ወገን አንዷ ሲመለሱ የበልጉን ዝናብ ይዘው ይምጡልን አለች። ዳልጮ ሳቁ እስኪያልቅ ቆመ። ሰው እንደሚስቅበት ያላወቀ አይደለም፤ አውቆ ነው የቆመው።

«እኔ አልሄድም፤ እግሬ አይችልም» አለ። «ማን እንደሚሄድም አላውቅም። ሳይጠሩ መቅረት ግን የለባቸውም።»

ስንቁ ላይ የሚጨምር ሰው ተጠበቀ። ወንዶቹ እግራቸውን አዩ። መምህር ባዳቾ የጫማውን ክር አሰረ፤ ታስሮ የነበረውን። ከዚያ ከሴቶቹ ወገን ፈጠነች ተነሳች፤ በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን አንድ እንቁላል ፈትታ ከከረጢቱ አጠገብ አኖረችና ተመልሳ ተቀመጠች። ሌላ አልመጣም።

ሽማግሌዎቹ በዚያው ሳምንት ተሰበሰቡ። ሶርሳ ከሁሉም የተማረ አልነበረም፣ ከሁሉም የሚያስብ ግን እሱ ነበር። ነገሩን እንዲህ ብሎ አቀረበው፤ እነዚያ ሰዎች ከአዳም ናቸው? ከአዳም ከሆኑ እንዴት ወጡ? ከአዳም ካልሆኑ ኃጢአት የለባቸውም፣ ቃሉም አያሻቸውም። ኃጢአት አለባቸው ካልክ ደግሞ ጌታ እዚያም ሊሞትላቸው ነው፤ መጽሐፉ አንድ ጊዜ ብቻ ሞተ ይላል። ስለዚህ ዳልጮ ሳያውቀው መስቀሉን ሁለት አድርጎታል። ሌላው ሽማግሌ ከዚህ የባሰ ፍራቻ ነበረው። ኮከብ እያየ የዘር ቀን የሚቆርጥ፣ ለከብት በሽታ ሰማይ የሚጠይቅ ጠንቋይ አባቱ ቤት ውስጥ ነበር፤ ከዚያ ስንወጣ የከፈልነውን አውቃለሁ፣ ወደዚያ የሚመልስ በር በዚህ ቤት አይከፈትም አለ።

ዳልጮ ክርክሩን ሁሉ ሰማ። የመለሰው አጭር ነበር። የቆላዎቹን ሰዎች የማን ዘር እንደሆኑ ጠይቄ አልወረድኩም፤ ወርጄ ነው ያወቅሁት አለ። እነዚህንም አላውቅም። ሊኖሩ ይችላሉ፤ ላይኖሩ ይችላሉ። የለም በል ብትሉኝ ግን አልችልም፤ የለም ሲባል አንድ ጊዜ ሰምቻለሁና።

የለም እስኪል ድረስ ከጌታ እራት ታገደ። በዚያን ጊዜ እገዳ ቀላል ነገር አይደለም። የታገደ ሰው ጸሎት ቤት ይመጣል፣ በር አጠገብ ካልተጠመቁት ጋር ይቀመጣል፤ ዳቦው ሲዞር ያልፈዋል። ምእመን ከእሱ ጋር ማዕድ አይቆርስም። ለታመመ ጸልይ ተብሎ አይጠራም። ስንቁን ምን እናድርገው ተባለና ለኦሞ መንደር ከተሰበሰበው ጋር ተደባለቀ። የፈጠነች እንቁላል ግን፣ እሷ እንደምትለው፣ ማንም ሳይነካው እዚያው ተረስቶ ነበር፤ በማግስቱ ጸሎት ቤቱን ስትጠርግ አገኘችውና ወደ ቤቷ መለሰችው።

ሥራን የሚከለክል ሕግ አልነበረም። ዳልጮና ሶርሳ በማግስቱም ወደ ጉድጓዱ ሄዱ። መጋዝ ለብቻ አይሄድም፤ የላይኛው ካልሳበ የታችኛው ይቆማል። ስለዚህ ይሳሳቡ ጀመር። ስምንት ዓመት። «ሳብ»፣ «ቆይ»፣ «ሽብልቅ አቀብለኝ»፤ ከዚህ ያለፈ ቃል ቢለዋወጡ ስለ ግንዱ ጠማማነት ነው። ቀትር ሲሆን ሶርሳ ከጉድጓዱ ይወጣል፣ ፊቱን ከሰጋቱራው ይታጠባል፣ ከግንዱ ወዲያ ጀርባውን ሰጥቶ ጎደሬውን በሚያቃጥል ዳጣ እያጠቀሰ ይበላል። ዳልጮ ከግንዱ ወዲህ የራሱን ይበላል። አንድ ዓመት ሶርሳ ጨው ረስቶ መጣ። ዳልጮ አየው፤ ጨዉንም በቅጠል አድርጎ ግንዱ ላይ አኖረለት። ሶርሳ ማዕድ ይሆናል ብሎ ፈርቶ ይሁን አይሁን አልታወቀም፣ አልነካውም። ጨዉ እስኪሟሟ ድረስ እዚያው ነበር።

ሰው አጠገቡ ካለው ሰው ጋር የሚነጋገርበትን መንገድ ዘግቶ፣ ሰማይ ላይ የሚያስብ ፍጡር አለ የለም ብሎ ሲፈርድ ማየት ያሳዝናል። ይህን የምለው ሶርሳን ለመውቀስ አይደለም። ሶርሳ ያመነበትን ጠበቀ። ዳልጮም ያመነበትን ጠበቀ። ሁለቱም ከጠበቁት ነገር ሥር ሲያረጁ ታዩ፤ ይኸው ነው።

በስድሳ አንድ ዓ.ም. ሰኔ ላይ ፈጠነች ታመመች። ሆዷ ውስጥ እብጠት ነበር። ሐኪም ቤት ወስደዋት ነበር፤ ዶክተሩ በእጁ ዳስሶ፣ ዳልጮን ወደ ውጪ ጠርቶ፣ ወደ ቤቷ ይዘሃት ግባ አለው። ሐምሌ ሲገባ ከመደቡ የማትነሳ ሆነች።

በዚያው ሐምሌ ወር የሻይ ቤቱ ራዲዮ ሰዎች ጨረቃ ላይ ወረዱ ብሎ ተናገረ። ከተማው ግማሹ አመነ፣ ግማሹ ዘበተ። ሶርሳ ከሻይ ቤቱ ደጅ ቆሞ እስከ መጨረሻው ሰማና ቀጥታ ወደ ዳልጮ ቤት ሄደ። ከእገዳው ወዲህ ደጁን ሲረግጥ የመጀመሪያው ነው። አልተቀመጠም፤ በሩ ላይ ቆሞ ነው የተናገረው። ፊቱ ላይ ደስታ ነበረ፤ ለወንድሙ መውጫ ያገኘ ሰው ደስታ። ሄደው አዩ፣ ድንጋይና አቧራ ነው፣ ሰው የለም አለው። ከእንግዲህ ማንም ሽማግሌ አያሸንፍህም፣ አንተም አልተሸነፍክም፤ ራዲዮኑ ነው የፈረደው። ተሳስቼ ነበር በል፣ በዚሁ ይለቅ።

ዳልጮ አሰበበት።

«ምናልባት የሄዱት በገበያ ቀን ይሆናል» አለ።

ሶርሳ ሊስቅ ምንም አልቀረው። አፉ ዳር ላይ መጥቶ ነበር። ግን አልሳቀም፤ አንተ ሰው አትለወጥም ብሎ ወደ በሩ ዞረ። ያኔ ከውስጥ ከመጋረጃው ወዲያ ፈጠነች ባሏን ጠራች። ሶርሳ እንዳይሄድ አስቁምልኝ አለችው።

ዳልጮ ገብቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር፤ የምታስበው ግን አልቀጠነም። እስካሁን አንድም ቀን ለምኜህ አላውቅም አለችው። እውነቷን ነው። በእገዳው ዘመን ሁሉ አልለመነችውም። እሑድ እሑድ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ፣ በሩ አጠገብ ያለውን ባሏን በጀርባዋ እያየች፣ ዳቦውን ብቻዋን በላች። ይቆመኝ ነበር እዚህ ላይ አለችና ጉሮሮዋን በጣቷ አሳየችው።

«የአስካለች አባት፣ አንድ ጊዜ አብረን እንብላ። ቆላ እንደበላነው።»

«እነዚያስ?» አለ ዳልጮ።

«እነሱ እስካሁን ጠብቀዋል፤ ትንሽ ይጠብቁ። እኔ ነኝ ጊዜ የሌለኝ።»

ወደ ውጪ ሲወጣ ሶርሳ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ሁሉንም ሰምቷል። ዳልጮ ፊቱን ሳያይ፣ ሽማግሌዎቹን ጥራቸው አለው።

ከሰዓት በኋላ መጡ፤ ሦስት ሽማግሌዎች፣ ዳቦው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ብርዙ በጠርሙስ። ዝናብ ነበር፤ ልብሳቸውን እያራገፉ ገቡ። ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ሁሉም በፈጠነች መደብ ዙሪያ ቆሙ። በሥርዓቱ መሠረት ሶርሳ ጠየቀ፤ ሲጠይቅ ወረቀት የሚያነብ ይመስል ነበር፣ በእጁ ግን ምንም አልያዘም። ዳልጮ፣ ከዚህ ምድር በቀር ሰው የሚኖርበት ዓለም አለ ብለህ ታምናለህ?

የዳልጮ የአንገት ጅማት ሲወጣ ሲገባ ይታይ ነበር፤ ግንድ ላይ ሆኖ መጋዝ ከመስመሩ ሲሸሸው እንደሚሆነው።

«ማንም የለም» አለ። «ተሳስቼ ነበር።»

በቃ። ሽማግሌዎቹ አቀፉት። ሁለቱ አለቀሱ። ዳቦው ተቆረሰ፤ ዳልጮ የፈጠነችን ራስ በክንዱ ደግፎ ለእሷ ቁራሽ አጎረሳት፣ ራሱም ጎረሰ። ብርዙን በአንድ ጽዋ ተቀባበሉ። እሷ ብዙ ጊዜ አላመጠች፤ በመጨረሻ ዋጠች። መዝሙር ተዘመረና ሽማግሌዎቹ ዝናቡ ሳያባራ ተመለሱ።

ብቻቸውን ሲቀሩ ፈጠነች ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ተኝታለች ብሎ ሊነሳ ሲል እጁን ያዘችው።

«ድምፅህ የሌላ ሰው ነበር» አለች። «ይህን ያህል ዘመን አብሬህ ኖሬ፣ ስትዋሽ ምን እንደምትመስል ዛሬ አየሁ። እኔ ነኝ ያስዋሽኩህ።»

አትናገሪ፣ ትደክሚያለሽ አላት። እሷ፣ ዳቦው ግን ወረደልኝ አለች፤ ያን ያለችው ልታጽናናው ይሁን እውነት ይሁን እሱ ዕድሜውን ሁሉ ሊለየው አልቻለም። ከዚያ በኋላ የተናገረችው ስለ ውሃና ስለ ትራስ ብቻ ነው። ሳምንቱን አልጨረሰችም።

ቀብሩ የምእመን ቀብር ሆነ። ጉባኤው ሙሉ ወጣ፤ ሳጥኑን የተሸከሙት ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ ሳጥኑ የተሠራበትን የዝግባ ጣውላ የሰነጠቁት ግን ዳልጮና ሶርሳ ራሳቸው ነበሩ፣ ቀደም ብለው፣ ለሌላ ሰው በር ይሆናል ብለው። መምህር ባዳቾ፣ አሁን ዳይሬክተር ሆኗል፣ ጥላውን ዘርግቶ ከኋላ ቆመ፤ ዳልጮን ጨብጦ አንድ ነገር ሊለው ፈልጎ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ ብሎ አለፈ።

በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ሶርሳ አልሄደም። ከዳሱ ሥር አግዳሚው ላይ፣ ከዳልጮ ጎን ተቀምጦ ቆየ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ ዶሮዎች ዳሱ ውስጥ የተራረፈ ፍርፋሪ ይለቅማሉ። ሶርሳ በእናት ቋንቋቸው ጀመረ። «ታ ኢሻው» አለው፤ ወንድሜ ማለት ነው፤ ከእገዳው ወዲህ በዚህ ስም ጠርቶት አያውቅም።

«እኔ አሁን የምጠይቅህ እንደ ሽማግሌ አይደለም። ጎፋ ላይ ‹የሚያነድደው አለ› ስትለኝ እኔ ተኛሁ። አንተ ወረድክ። ስምንት ዓመት ጉድጓድ ውስጥ ሆኜ ወደ ላይ ስመለከት የማየው አንተን ነበር፤ ከአንተ በላይ ደግሞ ሰማዩን። እንዳላሰብኩበት አታስብ። ንገረኝ። የዚያን ቀን የተናገርከው ከልብህ ነው?»

ዳልጮ ይህን ጥያቄ ስምንት ዓመት ሲጠብቅ ኖሯል። ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ከግንዱ ላይ ሆኖ፣ ከታች ያለው ሰው አንድ ቀን ቀና ብሎ ይጠይቀኛል ብሎ ነበር። ቢጠይቀው የሚነግረው ብዙ ነበረው። የቆላው ሽማግሌ የነገረውን፤ የሚጠብቁ እንደሚሞቱ፤ መጥራት ማለት መድረስ እንዳልሆነ፣ ግን አለመጥራት ምን እንደሆነ።

አሁን ግን ሊነግረው አልቻለም። «አይደለም» ቢል፣ ፈጠነች የበላችው የመጨረሻው ዳቦ በውሸት የተቆረሰ ዳቦ ይሆናል። ሶርሳም ሽማግሌ ነው፤ ሰምቶ አልሰማሁም ሊል አይችልም። እራቷ ይፈርሳል። ሞታለችና ደግማ ልትበላ አትችልም።

«ተናገርኩ እኮ፣ ሶርሳ» አለ። «ሰምተሃል። ማንም የለም።»

ሶርሳ አንገቱን በእሺታ ነቀነቀ። አንድ ጊዜ ብቻ። መልሱ ሊያስደስተው የሚገባ መልስ ነበር፤ እሱ ራሱ ያዘዘው መልስ። ዳልጮ ግን ጎኑ የተቀመጠው ሰው ትከሻ ሲወርድ አየ። አንድ ነገር ከውስጡ ወጥቶ የሄደበት መሰለ።

የጎረቤት ሴት ለለቀስተኛ ከተሠራው የተረፈውን ቂጣና ጎመን በአንድ ገበታ አድርጋ አመጣችላቸውና ሁለቱ መካከል አኖረችው። እጃቸውን አስታጠበቻቸው። እገዳው ስለተነሳ አብረው መብላት ተፈቅዷል። ሶርሳ ቂጣውን ቆርሶ ግማሹን ወደ ዳልጮ አደረገ። ዳልጮ ተቀበለው። ወደ አፋቸው ሳያደርሱት፣ እንዲሁ በእጃቸው እንደያዙት፣ ብዙ ጊዜ ተቀመጡ፤ ሴትየዋ ገበታውን ልታነሳ ስትመለስ ምነው አልጣፈጣችሁም ወይ አለቻቸው። ሶርሳ ጣፍጧል፣ ልጄ፣ ጣፍጧል አላት።